ጨው ባለበት ነዳጅ አለ የሚባለው እውነት ነው? ጨው ምንጭ አለቱ ላይ ምን ይሠራል?

የአራት ኪሎዋ መምህርት፦

ሰላም ለሁላችሁም። አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ሙቀት መተላለፍ እያስተማርኩ አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ አፋር ላይ ያን ያህል ጨው ካለ ከሥሩ ነዳጅ መኖሩ አይቀርም አይደል?» አለኝ። ከየት አመጣኸው ስለው አጎቱ ፒያሳ ቡና እየጠጡ ከጓደኞቻቸው ጋር ሲከራከሩ ሰምቶ ነው። የብራዚል ነዳጅ ከጨው ሥር ነው የወጣው፣ የአንጎላም እንደዚያው፣ ታዲያ እኛ ዳሎልን ለምን አንቆፍርም የሚል ክርክር ነው።

መልስ አልነበረኝም። አጣርቼ እነግርሃለሁ ብዬ አለፍኩ። ልጁ ግን አልረሳም፣ በየቀኑ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ እኔም እንደዚህ የሚጠይቅ ልጅ በባዶ እንዲመለስብኝ አልፈልግም።

ነዳጅ የሚመጣው በጥንት ባሕርና ሐይቅ ውስጥ ሞተው ከተቀበሩ ደቃቅ ነገሮች እንደሆነ አውቃለሁ። ያ ቅሪት ያለበት ድንጋይ ምንጭ አለት እንደሚባልም አውቃለሁ። ጨው ግን እዚህ ውስጥ ምን አገባው? እንደ ቋንጣ ቅሪቱ እንዳይበሰብስ ያደርገዋል? ወይስ ራሱ ወደ ዘይት ይለውጠዋል? ወይስ ክዳን ብቻ ነው? የምታውቁ እባካችሁ ረጋ ብላችሁ አስረዱኝ።

የፒያሳ ልጅ፦

መምህርት፣ እኔ ያነበብኩትን ልንገርሽ። የጨው ዋና ሥራው ክዳን መሆን ነው። ዘይትና ጋዝ ከውሃ ስለሚቀሉ ከተፈጠሩበት ድንጋይ ወጥተው ሽቅብ ይሄዳሉ። የሚያስቆማቸው ካላገኙ ምድር ላይ ወጥተው ይባክናሉ። የጨው አለት ደግሞ ምንም የሚያሳልፍ ቀዳዳ የለውም ማለት ይቻላል። ቢሰነጠቅ እንኳ ከላይ ያለው ጫና ሲበዛበት እንደ ሊጥ ስለሚሳብ ስንጥቁን መልሶ ይደፍነዋል። የጠላ ጋን አፉ በጭቃ ሲመረግ አይተሽ ከሆነ እሱን አስቢ።

ቴክሳስ ውስጥ በ1901 ስፒንድልቶፕ ላይ ነዳጁ ወደ ሰማይ የተፈናጠረው የጨው ጉልላት አናት ላይ ሲቆፍሩ ነው። ሆላንድ ውስጥ በ1959 የተገኘው የግሮኒንገን ጋዝም ክዳኑ ጨው ነው፣ ጋዙ ራሱ ግን የመጣው ከሥር ካለ የድንጋይ ከሰል ነው። ስለዚህ ጨው አይፈጥርም፣ ይዘጋል። በቃ።

ጡረተኛው ጂኦሎጂስት፦

ልጄ፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል። በወጣትነቴ ኦጋዴን ቁፋሮ ላይ ሠርቻለሁ፣ አሁን ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው የማነበው፣ ስለዚህ ጊዜ አለኝና ትንሽ ላርዝመው።

የፒያሳ ልጅ ስለ ክዳኑ ያለው ልክ ነው። «በቃ» ያለው ላይ ግን አልስማማም። ጨው ምንጭ አለቱን ሳይነካው፣ በሩቅ ሆኖ የሚያዘው አንድ ትልቅ ነገር አለ፣ እሱም ሙቀት ነው። ይህ ደግሞ ያንቺ የትምህርት ዓይነት ነው።

ምንጭ አለቱ ውስጥ ያለው ቅሪት ኬሮጅን ይባላል። ኬሮጅን ዘይት አይደለም፣ ጠጣር ነገር ነው። ዘይት የሚሆነው ሲበስል ነው። በደፈናው ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይጀምርና እስከ 150 ገደማ ዘይት ይሰጣል። ከዚያ ካለፈ ዘይቱ ራሱ ይሰባበርና ጋዝ ይሆናል። ጥሬም አይሆንም፣ ያረረም አይሆንም፣ መካከሉ ላይ መቆየት አለበት፣ ያውም ለሚሊዮኖች ዓመታት።

አሁን ወደ ጨው ልምጣ። የጨው አለት ሙቀት በማስተላለፍ ከሌላው ደለል ሁሉ የተለየ ነው። በሜትርና በኬልቪን ስንለካው ከ5 እስከ 6 ዋት ያስተላልፋል። ሼል የምንለው ከጭቃ የተጠረቀመው አለት 2 ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። የብረት ማንኪያና የእንጨት ማማሰያ የሚፈላ ወጥ ውስጥ ብትተይ የቱ እጅሽን እንደሚያቃጥል ታውቂያለሽ። ጨው እንደ ብረቱ ነው፣ ሼል እንደ እንጨቱ።

ቁጥር ላይ እናውለው። ከምድር ሆድ የሚወጣው ሙቀት በካሬ ሜትር 60 ሚሊዋት ነው እንበል፣ ብዙ ቦታ ከዚህ አይርቅም። ሙቀቱ በሼል ውስጥ ሲያልፍ በየኪሎሜትሩ 30 ዲግሪ ልዩነት ይፈጥራል። በጨው ውስጥ ሲያልፍ ግን 11 ዲግሪ ብቻ። አሁን 5 ኪሎሜትር ጥልቀት ላይ የተቀበረ ምንጭ አለት አስቢ፣ ላይኛው ምድር 20 ዲግሪ ይሁን። ከላዩ ያለው ሁሉ ሼል ከሆነ 170 ዲግሪ ይደርሳል፣ ዘይቱ አልቆ ጋዝ ሆኗል። ከ5ቱ ኪሎሜትር 2ቱ ጨው ከሆነ ግን 132 ዲግሪ ላይ ነው። እዚያ ዘይት አለ! ያው ምንጭ አለት፣ ያው ጥልቀት፣ ልዩነቱ ከላዩ የተኛው ነገር ብቻ ነው። ሼል ምንጭ አለቱ ላይ እንደ ጋቢ ተደርቦ ያሞቀዋል፣ ጨው ውፍረቱ የጋቢ ቢሆንም ሙቀቱን የሚያሳልፈው እንደ ነጠላ ነው።

በ2006 ብራዚል ሳንቶስ ተፋሰስ ውስጥ ቱፒ የተባለው የነዳጅ ክምችት ሲገኝ ባሕሩ ብቻ ከ2000 ሜትር በላይ ጥልቀት ነበረው፣ ከሥሩ ደግሞ ወደ 2000 ሜትር የሚጠጋ ጨው ነበር። ያን ያህል ጥልቀት ላይ ዘይቱ ሳያርር የቆየበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ምንጭ አለቱ ግን ጨው አይደለም፣ ይህን ለልጁ አስምሪበት። ከጨው በፊት፣ አፍሪካና ደቡብ አሜሪካ ገና መላቀቅ ሲጀምሩ በመካከላቸው በተፈጠሩ ሐይቆች ውስጥ የተከማቸ ጭቃ ነው።

ደግሞም ሙቀት ብቻ አይደለም። ሼልና አሸዋ ሲቀበሩ እየተጠረቀሙ ክብደታቸው ይጨምራል፣ የጨው ግን በኩብ ሴንቲሜትር 2.16 ግራም ላይ ይቆያል፣ አይታመቅም። ስለዚህ ከተወሰነ ጥልቀት በኋላ ከላዩ ካለው ደለል የቀለለ ይሆንና ይሳባል፣ ይፈስሳል፣ እንደ ጉልላት ሆኖ ሽቅብ ይወጣል። የፒያሳ ልጅ ያነሣው ስፒንድልቶፕ እንደዚህ የወጣ ጨው ነው።

ኬሚስቷ፦

የጋሼን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ምክንያቱም ከመቀበሩ በፊት ያለው ታሪክ ገና አልተነካም። ለእኔ እንዲያውም ትልቁ ነገር እሱ ነው።

መምህርት፣ ቋንጣ ያልሽው ጥሩ ግምት ነው፣ ግን መንገዱ ሌላ ነው። ቋንጣ ላይ ጨው ከሥጋው ውሃውን ይስባል፣ ባክቴሪያው መኖር ያቅተዋል። ባሕር ውስጥ ግን ዋናው ነገር የጨዋማ ውሃ ክብደት ነው። ከትልቁ ውቅያኖስ በጠባብ በር ብቻ የሚገናኝ ባሕር ውሰጂ። ፀሐይ ውሃውን ታተንነዋለች፣ የቀረው ጨዋማና ከባድ ሆኖ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ቀለል ያለው ከላይ ይንሳፈፋል። ሁለቱ አይቀላቀሉም። ታዲያ ከላይ ያለው ኦክሲጅን ወደ ታች አይደርስም። ታች ያለው ውሃ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ጨርሶ የሚያላውስ ነገር የሌለበት ይሆናል። ትልም የለ፣ ዓሣም የለ። ከላይ ሞቶ የወደቀው አልጌ የሚበላው ሳያገኝ ጭቃው ላይ ይተኛል። ምንጭ አለት የሚጀመረው እንደዚህ ነው።

ጨዋማ ውሃ ሕይወት የለውም የሚሉ አሉ፣ ስህተት ነው። ብዙ ዓይነት ፍጡር አይኖርበትም እንጂ የቻለው ጥቂት ዓይነት ተወዳዳሪ ስለሌለው እንደ ጉድ ይራባል። ቢሾፍቱ አካባቢ አረንጓዴ ሐይቅን ያየ ሰው ይገባዋል። እሱ የሶዳ ሐይቅ ነው፣ የምግብ ጨው አይደለም፣ ግን ነገሩ ያው ነው። ስሙን ያገኘው ውሃውን ከሞላው አልጌ መሰል ፍጡር ነው።

ልክ ግን አለው። የባሕር ውሃ ሲተን መጀመሪያ ኖራ ድንጋይ የሚሆነው ካርቦኔት ይወርዳል፣ ቀጥሎ ጂፕሰም፣ ውሃው ወደ አንድ አሥረኛ ሲቀንስ ደግሞ የምንበላው ጨው። ጥሩው ጭቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚከማቸው ጨው ራሱ መጣል ከመጀመሩ በፊት ባለው መካከለኛ ጊዜ ነው። ንጹሕ ጨው ውስጥ ቅሪት እምብዛም የለም። ስለዚህ የልጁ አጎት ጨው ሲያዩ ነዳጅ ማሰባቸው ሙሉ በሙሉ መሠረት የለውም አልልም፣ ጨው ሰፈሩን ይጠቁማል። ቤቱን ግን አያሳይም።

ሁለተኛው የእኔ ነገር ድኝ ነው። ኦክሲጅን በሌለበት ጭቃ ውስጥ በባሕሩ ውሃ ውስጥ የሟሟውን፣ ድኝ ያለበትን ሰልፌት የሚተነፍሱ ባክቴሪያዎች አሉ፣ እነሱ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያወጣሉ፣ የበሰበሰ ዕንቁላል የሚሸተው ጋዝ ማለት ነው። ተራ ጭቃ ውስጥ ብረት ስላለ ድኙን ወስዶ ፓይራይት የሚባል ማዕድን ያደርገዋል። ካርቦኔትና ጂፕሰም በሚጥል ባሕር ውስጥ ግን ብረት የሚያመጣ ጭቃ ትንሽ ነው። ስለዚህ ድኙ ሌላ ቦታ ሲያጣ ቅሪቱ ውስጥ ገብቶ ከካርቦን ጋር ይያያዛል። የካርቦንና የድኝ ማሰሪያ ደግሞ ከካርቦንና ካርቦን ማሰሪያ የላላ ነው። ሲሞቅ ቀድሞ ይበጠሳል። ውጤቱ፣ ድኝ የበዛበት ኬሮጅን ከሌላው ባነሰ ሙቀት ዘይት መስጠት ይጀምራል። ሞንተሬይ የሚባለው የካሊፎርኒያ ምንጭ አለት በዚህ የታወቀ ነው። ዘይቱ ግን ወፍራምና ድኛም ይሆናል፣ ማጣሪያ ላይ ያስቸግራል።

የሚገርመውን ነገር አያችሁ? ያው ጨዋማ ባሕር በአንድ በኩል ቅሪቱን ቶሎ እንዲበስል ያዘጋጀዋል፣ በኋላ ከላይ የሚጭንበት ጨው ደግሞ ሙቀቱን እየወሰደ ያዘገየዋል። ሁለቱ ኃይሎች በአንድ ተፋሰስ ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉ። ስለዚህ «ጨው ያፈጥናል ወይስ ያዘገያል» ተብሎ ሲጠየቅ መጀመሪያ የትኛው ጨው፣ መቼ፣ ከላይ ነው ከጎን ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የመጨረሻ ነገር። ዘይቱ ራሱ ከየት ሰፈር እንደመጣ ይመሰክራል። ጋማሰሬን የሚባል ሞለኪውል አለ፣ በብዛት ከተገኘ ምንጭ አለቱ የተከማቸው ውሃው ከላይና ከታች በተለያየበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ጨዋማ በሆነ ቦታ እንደነበር ይጠቁማል። ከሚሊዮኖች ዓመታት በኋላ በአንድ ጠብታ ውስጥ ይህን ማንበብ መቻል ሁልጊዜ ልቤን ይነካኛል።

የፒያሳ ልጅ፦

«በቃ» ያልኩትን አንስቻለሁ። የሙቀቱን ነገር ዛሬ ነው የሰማሁት፣ አመሰግናለሁ ጋሼ።

የአራት ኪሎዋ መምህርት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ የእርስዎን ስሌት ነገ ሰሌዳ ላይ እሠራዋለሁ። ልጁ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀኝን አውቃለሁ፣ «ታዲያ ዳሎልስ?» ነው የሚለኝ። ምን ልበለው?

ጡረተኛው ጂኦሎጂስት፦

እውነቱን ንገሪው። ዳሎል ባለበት በዳናኪል ጨው አለ፣ ብዙ አለ። ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ሜዳ ነው። የቀይ ባሕር ውሃ እየገባ፣ እየተቆረጠ፣ እየደረቀ የተወው ነው። አያቶቻችን አሞሌ አድርገው እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት፣ ዛሬም በግመል የሚጫን ጨው ነው። ግን ሁለት ነገር ያዥ። አንደኛ፣ ያ ጨው በጂኦሎጂ ዕድሜ ገና ለጋ ነው። ሁለተኛ፣ ቦታው ምድር እየተከፈለችበት ያለ ነው፣ ኤርታ አሌ እዚያው አጠገቡ እየፈላ ነው። ቅድም 60 ሚሊዋት ያልኩት እዚያ አይሠራም፣ በጣም ይበልጣል። እንዲህ ባለ ቦታ ጨው ሙቀት ቢያሳልፍም ከሥሩ የሚመጣው እሳት ብዙ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጨው መኖሩ ብቻውን ከሥሩ ቅሪት የሞላበት ጭቃ መኖሩን አይናገርም። ኬሚስቷ ሰፈርና ቤት ብላ የተናገረችው ቆንጆ ነው። የዳናኪል ጨው የሚፈለገው በሌላ ምክንያት፣ ለማዳበሪያ በሚውለው በፖታሹ ነው።

ለልጁ ከዳሎል ይልቅ ኦጋዴንን አሳዪው። የካሉብ ጋዝ በ1970ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከተገኘ ጀምሮ ይታወቃል። እዚያ እንደ ምንጭ አለት የሚጠቀሰው ቦክ ሼል ነው፣ የሐይቅ ጭቃ እንጂ የጨው ባሕር አይደለም። ከላዩ ባሕሩ ሲመጣ የተጣለው የሃማንሌ ኖራ ድንጋይ ውስጥ ግን የአንሃይድራይት ንብብሮች አሉ። አንሃይድራይት ማለት ውሃው የወጣለት ጂፕሰም ነው። እሱም ጥሩ ክዳን ነው። ጋዋር የሚባለው የሳዑዲ ነዳጅ ማውጫ፣ በ1948 የተገኘው፣ ክዳኑ አንሃይድራይት ነው፣ ጨው አይደለም። የጁራሲክ ዘመን ነው፣ የእኛም ኖራ ድንጋይና ጂፕሰም እንደዚሁ።

የጎሃ ጽዮን ልጅ፦

ጋሼ ይቅርታ፣ ጂፕሰም ሲሉ ዝም ማለት አልቻልኩም። አሁን አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ ግን ያደግኩት ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስትወርዱ ገደሉ ላይ ነጭ ነጭ ሆኖ የሚታየው እሱ ነው አይደል? ልጅ ሆነን ኖራ ይመስለን ነበር። እዚህ ከተማ ውስጥ ደግሞ ቤት ሁሉ ኮርኒሱ ጅብሰም ነው። ያኛው ድንጋይና ይህ አንድ መሆናቸውን ያወቅኩት ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ታዲያ እዚያስ ከሥሩ ነዳጅ ሊኖር አይችልም?

ጡረተኛው ጂኦሎጂስት፦

አዎ፣ እሱ ነው። በጂኦሎጂ ስሙም ያንተን አገር ይዟል፣ የጎሃ ጽዮን ፎርሜሽን ይባላል። ከሥሩ ያለው ቀይ የአሸዋ ድንጋይ የአዲግራት ነው፣ ከላዩ የአንታሎ ኖራ ድንጋይ። የጂኦሎጂ ተማሪዎች ከአራት ኪሎ በአውቶቡስ ሄደው ያንን ገደል ሲያነቡ ነው የሚውሉት፣ እኔም እዚያ ነው የተማርኩት። 185 ኪሎሜትር ሄዶ የ200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ታሪክ በአንድ ቁልቁለት ማየት ነው።

ያነሣኸው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በዓባይ ተፋሰስ ውስጥ ወረ ኢሉ አካባቢ ዘይት ከምድር ሲንጠባጠብ ታይቷል። ይህ ማለት የሆነ ቦታ የሆነ ምንጭ አለት በስሏል ማለት ነው። ችግሩ ክዳኑ ነው። አንተ ቆመህ ነጩን ድንጋይ የምታየው ወንዙ ከአንድ ኪሎሜትር በላይ ቆርጦ ስለገባበት ነው። ክዳኑ ተቆርጦ ለዓይን በሚታይበት ቦታ ከሥሩ የነበረው ሁሉ መውጫ አግኝቷል። ገደሉ ለእኛ ለተማሪዎች በረከት ነው፣ ለነዳጅ ግን የተከፈተ ጋን ነው።

ኬሚስቷ፦

ስለ አንሃይድራይት አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ጥልቅ ገብቶ ሙቀቱ ከ120 ወይም 140 ዲግሪ በላይ ሲሆን ከጋዙ ጋር ራሱ ይሠራል፣ ያለ ምንም ባክቴሪያ። ሰልፌቱ ሚቴንን ያቃጥልና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይሆናል። ያ ጋዝ ሰው ይገድላል፣ ቧንቧ ይበላል። ስለዚህ ጥሩ ክዳን የተባለው ራሱ የከደነውን ሊያበላሽ ይችላል። ቆፋሪዎች ይህን ሳያውቁ ቢገቡ አደጋ ነው።

የአራት ኪሎዋ መምህርት፦

ከ4 ቀን በኋላ ተመለስኩ። ለልጆቹ በቃል ብቻ ልነግራቸው አልፈለግኩም። መርካቶ ሄጄ አንድ የጨው ድንጋይ ገዛሁ፣ ከጡብ ደግሞ በዚያው ውፍረት አስቆረጥኩ። ሁለቱንም የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥን፣ አናታቸው ላይ አንድ አንድ ቁራጭ ሻማ። ጨው ሲግል እንደሚንጣጣ ከወጥ ቤት ስለማውቅ ምጣዱን ዝቅ አድርጌ ነው ያሞቅኩት፣ ልጆቹንም ራቅ አደረግኳቸው። የጨው ላዩ ሻማ ቀድሞ ቀለጠ! የጡቡ ገና ቅርጹን ይዞ ነበር። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። ያ ልጅ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ራሱ ሠራው፣ 170 እና 132 ወጣለት።

ግን አልጨረሰም። ቁጭ ሊል ሲል ዞሮ እንዲህ አለኝ፣ «ቲቸር፣ ጨው ከታች ያለውን ካቀዘቀዘ ያ ሙቀት የት ሄደ? ከላዩ ያለው ድንጋይ ይሞቃላ?» ጋሼ፣ ልክ ነው አይደል?

ጡረተኛው ጂኦሎጂስት፦

ልክ ነው! ይህን ልጅ አደራ፣ ጂኦሎጂ እንዲያጠና ንገሪልኝ። ሻማው የቀለጠው ከላይ አይደል? ጨው ሙቀት አይውጥም፣ ያሻግራል። በተለይ ጉልላት ሆኖ ሽቅብ ሲወጣ ከታች ያለውን ሙቀት እንደ ጭስ ማውጫ ወደ አናቱ ያደርሰዋል። ስለዚህ ጉልላቱ አናት ላይና ዙሪያ ያለ ምንጭ አለት በጥልቀቱ ከሚጠበቀው በላይ ይሞቃል፣ ቀድሞም ይበስላል፣ ከጉልላቱ ሥር ያለው ግን ቀዝቅዞ ይዘገያል። የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ እንደዚህ ዓይነት ጨው ብዙ ነው። እዚያ ሙቀትን የሚያሰሉ ሰዎች መጀመሪያ የጨውን ቅርጽ በየዘመኑ ይስላሉ፣ ምክንያቱም ጨው ዛሬ ያለበት ቦታ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከነበረበት ይለያል። ምንጭ አለቱ የሚበስለው ደግሞ በዛሬው ሙቀት ብቻ አይደለም፣ ያለፈበት ሁሉ ይቆጠራል።